ተጨማሪው ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንከር) ላይ ሳዞር ባጃጄ ለምን ይጠፋል?

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ባጃጄ ላይ ከኋላ ተጨማሪ ሰልባትዮ አስገጥሜያለሁ። በዋናው ስሠራ ሰላም ነው። ወደ ተጨማሪው ሳዞር ግን ከፒያሳ ተነስቼ አቶቴ ሳልደርስ እያነቀው ይጠፋል። ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል። ቤንዚን አለው፣ ካንዴላውም ንጹህ ነው። ሰው ጭኜ መሃል መንገድ መቆም በጣም አስጨንቆኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰልባትዮው አየር አጥሮት ነው። ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው አየር ካልገባ መውረዱን ያቆማል። ሲጠፋብህ ዳር ያዝና ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑን ቀስ ብለህ ክፈት። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው። በአየር አስነፋው። ክዳኑን ከፍተህ ግን እንዳትነዳ፣ አደራ።

ሌላ መልስ፦ ከፍታውንም እይ። ፓምፕ ከሌለው ቤንዚኑ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ሰልባትዮው ከካርቡራቶሬው (ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ዕቃ) ዝቅ ካለ አይደርስም። ቱቦው ሽቅብ ከታጠፈም አየር ይቋጥራል።

ጠያቂው፦ ክዳኑን ስከፍት አየር ሳበ! ቀዳዳው ላይ ጭቃ ደርቆበታል። እግዜር ይስጥልኝ።

መልስ፦ እሰይ! ቱቦው ጭስ ማውጫውን እንዳይነካ ግን አሁኑኑ እየው። ቤንዚን ከሸተተህ ሳታስጠግነው ሰው አትጫን።