የዲሴብሊቲ (በጤና ችግር መሥራት ላልቻለ የሚሰጥ የመንግሥት ክፍያ) ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ፤ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሄደ አለ?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ወገቤን ከተጎዳሁ ወዲህ ቆሜም ተቀምጬም መሥራት አቃተኝ። የዲሴብሊቲ ማመልከቻዬን የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤቱ ዳኛ ውድቅ አደረጉት፤ የመሥሪያ ቤቱ የይግባኝ ካውንስልም አላይም አለ። የቀረኝ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ደብዳቤው ከደረሰኝ በ60 ቀን ውስጥ ክስ መክፈት አለብኝ።

ፍርድ ቤቱ አዲስ ምስክር አይሰማም፣ የሚመረምረው ያንኑ መዝገብ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲው ዳኛ ግን ለዓመታት ያከመኝን ሐኪም አስተያየት ያለ በቂ ምክንያት ነው የጣሉት። ይህ በጣም ያንገበግበኛል። አቤቱታው ላይ እንዴት ልግለጸው? ከውሳኔው በኋላ የተነሳሁት ኤምአርአይስ ጉዳዩን ወደ ዳኛው ለማስመለስ ይረዳኛል?

መክፈቻው 405 ዶላር ነው፤ የለኝም። ከክፍያ ነፃ እንዲደረግ ጠይቆ የተፈቀደለት ካለ ቅጹን እንዴት እንደሞላው ይንገረኝ። ካሸነፈ ብቻ የሚከፈለው፣ አማርኛ የሚችል ጠበቃ የምታውቁም እባካችሁ ጠቁሙኝ። ቀኑ እያለቀብኝ ነው።