የጓሮ ኩሬዬ ውሃ አልያዘልኝም፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ቢሾፍቱ በሚገኘው ጓሮዬ 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ኩሬ ቆፍሬ፣ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ) አንጥፌ ቆሮሶ ዓሣ አርብቼበታለሁ። በአንዱ ጎን ትንሽ ፓምፕ ውሃውን እየገፋ በድንጋይ ላይ ቁልቁል ያፈስሰዋል።

አሁን ግን በየቀኑ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጎድላል። ወደ 2 በርሜል ይጠጋል እኮ! ጎረቤቶቼ «ፀሐይ ናት የምትጠጣው» ይሉኛል፤ ፀሐይማ በቀን 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አትወስድም። ምናልባት ከድንጋዩ ጀርባ እየሾለከ ይሆናል ብዬ ፓምፑን ለ4 ቀናት አጠፋሁት። መጉደሉን ቀጠለ፤ ከአፉ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ግን ቀጥ አለ። ቀዳዳው እዚያ ከፍታ ላይ ነው ማለት ነው። ዙሪያውን በእጄ ዳበስሁ፤ ወተት እያንጠባጠብሁ ወዴት እንደሚሳብ ተመለከትሁ፤ ምንም የለም። ስንጥቅ የመሰለኝን አንድ ቦታ በጎሚስታ ማስቲሽ ለጥፌው ነበር፤ በማግስቱ ተላጠ።

እባካችሁ የምታውቁ፣ ቀዳዳውን በምን ልፈልገው? ዓሣዎቹን ሳላወጣ የሚለጠፍ ነገርስ አለ ወይስ በሙቀት የሚበይድ ባለሙያ የግድ ነው? የምጨምረው የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በርሜል ውስጥ ማደር አለበት፤ ቧንቧው ደግሞ የሚመጣው በሳምንት 2 ቀን ብቻ ነው።