ጃይሳልመር በሁለት ቀን፦ ጉብኝቱን እንዴት እናከፋፍለው?

ሰናይት መ.
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በዲሴምበር ሕንድ፣ ራጃስታን ስንሄድ በረሃማዋ ከተማ ጃይሳልመር ሁለት ሙሉ ቀን እንቆያለን። የቀረበልን የመኪና ጉዞ ባዳ ባግን፣ ሎድሩቫን፣ ነዋሪዎቹ ጥለውት የሄዱትን የኩልዳራ መንደርና የሳምን አሸዋ ከምሳ በኋላ ባለው ጊዜ ብቻ ያዳርሳል። ይበቃል? ከተማዋ ኮረብታ ላይ ያለው ምሽግ ውስጥ ማደርስ? እናታችን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የግመሉም ነገር አሳስቦናል።

ያሬድ
አይበቃም። የምታጡት ደግሞ ዋናውን፣ የፀሐይ መጥለቂያውን ነው። በዲሴምበር ፀሐይ የምትገባው 12 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሳም በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ባዳ ባግ ደግሞ በሰሜን በኩል ነው። ሁሉንም ከምሳ በኋላ የጀመረ አሸዋው ላይ የሚደርሰው ሲመሻሽ ነው።

ለሁለት ክፈሉት። ጠዋት የገዢዎቹ መታሰቢያ ጉልላቶች ያሉበትን ባዳ ባግን (6 ኪሎ ሜትር)፣ ቀጥሎ አማር ሳጋርን፣ ከዚያ ሎድሩቫን አይታችሁ ለምሳ ተመለሱ። ጃይሳልመር እ.ኤ.አ. በ1156 ከመቆርቆሯ በፊት የገዢዎቹ መናገሻ ሎድሩቫ ነበረች፤ አሁን የሚታየው በዋናነት የጃይን (የሕንድ ጥንታዊ ሃይማኖት) ቤተ መቅደሱና ፊት ለፊቱ የቆመው ባለቅርጽ የድንጋይ ቅስት ነው። 8 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ኩልዳራ አንድ ሰዓት ቆዩ፤ 10 ተኩል ላይ ሳም ትሆናላችሁ። ስለ ኩልዳራ እርግማን የሚወራውን ለአስጎብኚዎቹ ተዉላቸው፤ የጎዳናዎቹ አሠራር ግን መታየት አለበት።

ሾፌሩ ቅደም ተከተሉን፣ ከሳም የሚመለስበትን ሰዓትና ፓርኪንግ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይጻፍላችሁ።

ሰብለ
ምሽጉን ጎብኙት እንጂ አትደሩበት። ኮረብታው ከላይ ድንጋይ ቢመስልም ከሥሩ ሸክላማ አፈርና የላላ ድንጋይ ነው። የቧንቧ ውሃ ከገባ ወዲህ ፍሳሹ እየሰረገ መሠረቱን ያለሰልሰዋል፤ በ1990ዎቹ የተናዱ ግንቦችም አሉ። ከግርጌው ካለ ሆቴል ጣሪያ ምሽጉ ሙሉውን ይታያል፤ ውስጡ ላደረ ግን አይታይም።

እናታችሁን እስከ መጀመሪያው በር በባጃጅ አድርሷቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት የተነጠፈበት ድንጋይ በእግር ብዛት ስለለሰለሰ ያንሸራትታል፣ የጎማ ሶል ያለው ጫማ ያስፈልጋል። ምሽጉ ውስጥ ያሉትን የጃይን ቤተ መቅደሶች ጠዋት ግቡባቸው፤ ቀበቶም ሆነ ቦርሳ ቆዳ ከሆነ አያስገቡም። ቀትር ላይ የነጋዴዎቹን ቤቶች እዩ፣ ጠባብ ጎዳናዎቹ ጥላ አላቸው። የናትማል ቤትን ግራና ቀኝ ሁለት ወንድማማቾች ስለቀረጹት ጎኖቹ ተመሳሳይ መስለው አንድ አይደሉም። መስኮት በመስኮት ስታነጻጽሩ ይገለጥላችኋል።

አብዲ
ግመል ሲነሳ መጀመሪያ የኋላ እግሩን ስለሚያቀና ተቀማጩን ወደፊት ይወረውራል፤ ሲንበረከክም የፊቱን ስለሚያጥፍ እንደዚያው ነው። ሁለቱም ጊዜ ወደኋላ ተለጥጦ የኮርቻውን እጀታ አጥብቆ መያዝ ነው። ብዙ ጊዜ እርካብ የለውም፣ እግር ተንጠልጥሎ ስለሚቆይ ለታመመ ጉልበት አይሆንም። ለእናታችሁ ሳም ላይ ግመል የሚጎትተውን ጋሪ ጠይቁ። ዋጋው በሰው ይሁን በግመል፣ ስንት ደቂቃስ እንደሆነ ሳትለዩ አትሳፈሩ፤ ዝርዝር ሩፒም ያዙ።

ሳም ሌሊት በድምፅ ማጉያ ይናወጣል። ጸጥታ ከፈለጋችሁ በደቡብ ምዕራብ ያለው ኩሪ ይሻላል፣ አሸዋው ግን ያንሳል። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ወፍራም ሹራብ አትርሱ።

ሰናይት መ.
እግዚአብሔር ይስጥልን። የታኖትን ቤተ መቅደስስ ብንጨምር?

ያሬድ
በሁለት ቀን ተዉት። በአንድ ጉዞ ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለፓኪስታን ድንበርም ቅርብ ነው። የውጭ ዜጋ ለዚያ አቅጣጫ ከወረዳው አስተዳደር ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ለሳም፣ ለኩሪ፣ ለኩልዳራና ለሎድሩቫ ግን አያስፈልግም። ቀን ከጨመራችሁ መኪና ከመከራየታችሁ በፊት ፈቃዱን ጨርሱ።