ልጄ በትምህርት ቤት ባንድ ሊጀምር ነው፤ ሳክስፎን፣ ክላርኔት ወይስ ትራምፔት?

የአራተኛ ክፍል እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9 ዓመት ተኩሉ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ባንድ መሣሪያ ሊጀምር ነው። ከፍሉት፣ ከክላርኔት፣ ከአልቶ ሳክስፎን፣ ከትራምፔት፣ ከትሮምቦንና ከፐርከሽን (ከበሮና መሰል የሚመቱ መሣሪያዎች) አንደኛና ሁለተኛ ምርጫ እንድንሞላ ቅጽ ተሰጥቶናል። እሱ «ሳክስፎን ካልሆነ» ብሎ ድርቅ ብሏል። ቁመቱ ከእኩዮቹ አጠር ይላል፣ ጣቶቹም ቀጫጭን ናቸው። የፊት ጥርሶቹ ወጥተው አልቀዋል፤ ግን ወደፊት የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ሊደረግለት ይችላል።

እኔ ኖታ ማንበብ አልችልም። መሣሪያው እንደሚስማማው ሳይጀምር በምን ይታወቃል? ያገለገለ ብገዛ ምን ምኑን ልይ? ቤት ውስጥስ በቀን ምን ያህል ይለማመድ፣ እኔስ በምን ልርዳው?

የትንፋሽ መሣሪያ መምህር፦

እህቴ፣ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ልጁ የእያንዳንዱን መሣሪያ አፍ ብቻ (የሚነፋበትን ጫፍ፤ በአብዛኞቹ ማውዝፒስ ይባላል) ይሞክር። ሙሉውን መሣሪያ ማቀፍ አያስፈልገውም። ድምፁ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ እዚያ ላይ የማይመጣ ድምፅ ቱቦ ስለተጨመረ አይመጣም። ለአንድ መሣሪያ 5 ደቂቃ ይበቃል።

ፍሉት ከሆነ የራስጌውን ቁራጭ ብቻ ይያዝ፤ ክፍቱን ጫፍ በመዳፉ ይዝጋ፤ የታች ከንፈሩ የቀዳዳውን ሩብ ያህል ሸፍኖ ጠርሙስ እንደሚያፏጭ ሰው ወደ ማዶው ጠርዝ ይንፋ። ድምፁ ሳይቆራረጥ 4 ሰከንድ ከቆየ መልካም ምልክት ነው። ራሱን ቢያዞረው አትደንግጡ። ጀማሪ ከሚነፋው አየር ብዙው ድምፅ ሳይሆን በቀዳዳው ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ቁጭ ብሎ ይረፍና ይቀጥል።

ክላርኔትና ሳክስፎን ላይ የላይ ጥርስ ማውዝፒሱ ላይ ያርፋል፤ የታች ከንፈር በታች ጥርስ ላይ ሳሳ ብሎ ይታጠፋል፤ አገጭ ይወጠራል እንጂ አይጨማደድም። ስልክዎ ላይ ቱነር (የተነፋውን ድምፅ የኖታ ስም የሚያሳይ መተግበሪያ) ይጫኑ። የክላርኔት ማውዝፒስ ከበርሜሉ (ከሥሩ ከሚገጠመው አጭር ቱቦ) ጋር ተገጥሞ ሲነፋ ኤፍ ሻርፕ የሚባለው ኖታ አካባቢ፣ የአልቶ ሳክስፎን ማውዝፒስ ብቻውን ሲነፋ ኤ አካባቢ ሊያወጣ ይገባል። ከዚያ በጣም ከፍ ካለ ልጁ እየነከሰ ነው፤ በጣም ዝቅ ካለ ከንፈሩ ላልቷል። ይህን ለማየት ኖታ ማንበብ አያስፈልግም፤ ቱነሩ ያነብልዎታል።

ክላርኔት ላይ የጣት ጉዳይም አለ፤ ለልጅዎ ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል። ጣቶቹ የሚያርፉባቸውን ዋና ዋና ቀዳዳዎች የሚዘጋቸው የጣቱ ሥጋ ራሱ ነው። ጣቶቹን ያሳርፍ፣ ጥቂት ጫን ይበል፣ ያንሣ። በየጣቱ ላይ ሙሉ ክብ ከታተመ ቀዳዳው ተዘግቷል። ክቡ በአንድ ጎኑ ከጎደለ አየር ይሾልካል፤ ሲጥ የሚለውም በዚህ ነው። ቀጭን ጣት ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው የቀኝ እጅ ቀለበት ጣት ላይ ነው። ሳክስፎን ላይ ግን ጣት ቁልፍ ብቻ ይጫናል፤ ቀዳዳውን የሚዘጋው ክዳኑ ነው። ስለዚህ ቀጭን ጣት እንቅፋት አይሆንም። የሳክስፎን ፈተና ክብደቱ ነው፤ አልቶ ወደ 2.5 ኪሎ ይመዝናል።

ትራምፔትና ትሮምቦን ላይ ከንፈሩን «ም» እንደሚል ገጥሞ በመሃሉ አየር ያውጣ፤ ከንፈሩ ይርገብገብ። ከዚያ ያንኑ በማውዝፒሱ ያድርግ፤ ድምፁንም እንደ አምቡላንስ ሽቅብ ቁልቁል ያንሸራት። ሽቅብ ለመውጣት ማውዝፒሱን ከንፈሩ ላይ የሚጫን ልጅ ቶሎ ይደክመዋል፣ ድምፁም ይታፈናል። ትሮምቦን በዚያ ላይ ክንድ ይጠይቃል። ስላይዱ (ወደፊትና ወደኋላ የሚሳበው ቱቦ) 7 ቦታ አለው፤ ሰባተኛው ይቅርና ስድስተኛው የማይደርሳቸው ልጆች ብዙ ናቸው። «ሲያድግ ይደርስበታል» እንዳይባል፣ ባንድ ከሚጀምርባቸው አምስት ኖታዎች አንዱ፣ ሲ፣ ያለው ስድስተኛው ቦታ ላይ ነው። ኤፍ ቫልቭ (በአውራ ጣት ሲጫኑት ተጨማሪ ቱቦ የሚከፍት) ያለው ትሮምቦን ያንን ሲ በአንደኛው ቦታ ያወጣዋል፤ መሣሪያው ግን ይከብዳል።

ሽቦው ማንኛውንም መሣሪያ አይከለክልም። በጣም የሚሰማው ትራምፔት ላይ ነው፤ ትንሹ ቀለበት ከንፈርን ሽቦው ላይ ይጫነዋል። የትሮምቦን ማውዝፒስ ሰፊ ስለሆነ ይሻላል። ክላርኔትና ሳክስፎን ላይ የታች ከንፈር ውስጡ ሊላጥ ይችላል፤ የጥርስ ሐኪም የሚሰጠው ሰም ሽቦው ላይ ሲለጠፍ ይቀልለታል። ሽቦው ሲገባም ሲወጣም ድምፁ ለተወሰኑ ሳምንታት ይበላሻል። ያኔ ከልጁ ጋር መጣላት አይገባም፤ አፉ የቀድሞ ቦታውን እየፈለገ ነው።

ማውዝፒሱ ላይ ድምፅ ከሰጠ፣ እኔ ብሆን ሳክስፎንን አንደኛ፣ ክላርኔትን ሁለተኛ አድርጌ እሞላ ነበር። ልጁ ወድዶ የመረጠው ድምፅ በአሰልቺዎቹ ሳምንታት ያቆየዋል።

ቡሽና ፓድ፦

እኔ ስለ ያገለገለው መሣሪያ ልናገር፤ ሥራዬ ጥገና ነው። «ልጁ አልቻለም» ከሚባለው ውስጥ ብዙው የመሣሪያ ችግር ነው። ልጁ ግን ይህን አያውቅም፤ ጥፋቱን ከራሱ ያደርገዋል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት መጫወት የሚችል ሰው እያንዳንዱን ኖታ አውጥቶ ይሞክረው።

ትራምፔት ሲያዩ ሦስቱንም ቫልቭ ይጫኑ፤ ቶሎ፣ ያለ ኮሽታ መመለስ አለባቸው። ከዚያ የመጀመሪያውን ቫልቭ ስላይድ ቫልቩን ሳይጫኑ ወደ ውጭ ይሳቡ፤ ወዲያው ቫልቩን ይጫኑ። «ፖፕ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ቫልቩ አየር ይይዛል። ምንም ካልተሰማ ተበልቷል፤ ዘይት አያድነውም። ስላይዶቹ በሙሉ በእጅ መውጣት አለባቸው።

ትሮምቦን ላይ የላይኛውን ክፍል ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ማገጃውን ይክፈቱ፣ የውጪውን ስላይድ በሌላው እጅዎ እየተከተሉ ይልቀቁት። በራሱ ክብደት ሳይንገጫገጭ መውረድ አለበት። የውስጠኛው ቱቦ ላይ ያለች ትንሽ ስርጉድ ስላይዱን ታስይዛለች። ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማገጃው ይዘጋ፤ ይህን ልጁ በመጀመሪያው ቀን ይማር።

ለክላርኔት የላይኛውን ቁራጭ ቀዳዳዎች በሙሉ ይዝጉ፣ የታች ጫፉን በመዳፍ ይድፈኑ፣ ከላይ በአፍ አየር ይሳቡ። ሲለቁት መምጠጡ ለጥቂት ሰከንድ ከቆየ ፓዶቹ (ከቁልፎቹ ሥር ቀዳዳውን የሚዘጉት ለስላሳ ክዳኖች) ይዘጋሉ። ለጀማሪ የፕላስቲክ አካል ከእንጨት ይሻላል፤ እንጨት በሙቀትና በእርጥበት ለውጥ ይሰነጠቃል። ሲገጣጠም የላይኛውና የታችኛው ቁራጭ የሚገናኙበት የድልድይ ቁልፍ አለ። የላይኛውን ቁራጭ ቀለበት ተጭነው ካላነሡት ይጣመማል፤ ወደ ጥገና ከሚያስመጣ ጥፋት ይህ አንዱ ነው። በመጋጠሚያው ላይ ያለው ቡሽ ከጠበቀ የቡሽ ቅባት ይቀቡት፤ አይታገሉት።

ሳክስፎን ላይ አንገቱ ወደ ታች አለመጎንበሱን፣ ፓዶቹ አለመቀደዳቸውን፣ ዝቅተኞቹ ኖታዎች ቀስ ተብሎ ሲነፉ መውጣታቸውን ይዩ። ዝቅተኛው ኖታ በኃይል ካልተነፋ የማይመጣ ከሆነ ከላይ የሆነ ቦታ ያሾልካል። ፍሉት ላይ የራስጌው ውስጥ ያለውን ቡሽ በማጽጃ ዘንጉ ይለኩ፤ የዘንጉ ምልክት በአፍ ቀዳዳው መሃል መታየት አለበት፣ ከቡሹ ሰሌዳ እስከ መሃሉ 17 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ክዳን ለጨዋታ የሚያዞር ልጅ መሣሪያውን ከቃና ያወጣዋል።

ለክላርኔትና ለሳክስፎን ሪድ (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው፣ እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጠው ቀጭን ቁራጭ) በቁጥር 2 ወይም 2½ ይጀመር። ቢያንስ 3 ይኑሩት፣ እያፈራረቀ ይንፋባቸው። ጫፏ የተሸረፈች ሪድ ትጣል፤ ስለምታሳዝን አትቀመጥ። ከመግጠሙ በፊት አንድ ደቂቃ በአፉ ያርሳት። ሲገጥማት የሪዷ ጫፍ ከማውዝፒሱ ጫፍ ጋር እኩል ትሁን፤ ከኋላዋ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ብትታይ ልክ ናት። ሲጥ ሲል መጀመሪያ ሪዱን፣ ቀጥሎ ጣቱን፣ በመጨረሻ አፉን ይመርምሩ። ብዙ ሰው ከአፉ ጀምሮ ልጁን ያስጨንቃል።

የቫልቭ ዘይት ከ3 እስከ 4 ጠብታ ይበቃል። የወጥ ቤት ዘይት አይሞከር፤ ይረጋና ቫልቩን ያጣብቃል። ቫልቮቹ 1፣ 2፣ 3 ተብለው ተቀርጸዋል። ከቦታቸው ከተለዋወጡ ወይም ዞረው ከገቡ አየሩ አያልፍም፤ «ትራምፔቱ ዛሬ ጠዋት ተበላሸ» ተብሎ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ማውዝፒስ ከጣበቀ በፒንሳ አይነካ። ቱቦው ይጠመዘዛል፤ ለዚሁ የተሠራ ማውጫ አለ።

የክላርኔት ነገር፦

መምህሩ ስለ ጣት ያሉት ትክክል ነው፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። ጣቱ የክቡን ፈተና ካለፈ ክላርኔቱን አንደኛ አድርጉት። ክላርኔት ወደ ላይኛው ክልል ሲሻገር ኦክታቭ (ያው ስም ወዳለው ቀጣዩ ከፍ ያለ ኖታ) አይዘልም፤ 12ኛውን ኖታ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ያው የጣት አጣጣል ታች ሌላ፣ ላይ ሌላ ኖታ ነው። ሳክስፎን ግን የሚዘለው ኦክታቭ ስለሆነ ስሙ አይለወጥም። ከከባዱ ወደ ቀላሉ መሻገር ጥቂት ሳምንት ነው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ግን አፍንም ጣትንም እንደ አዲስ ማስተማር ነው።

የትንፋሽ መሣሪያ መምህር፦

ወንድሜ፣ ስለ አጣጣሉ ያልከው እውነት ነው። ግን ያ የሚጠቅመው ልጁ እስከዚያ ከቆየ ነው። ሳክስፎን ብሎ የተነሣን ልጅ ክላርኔት ሰጥቶ «በኋላ» ማለት ሁለቱንም ሊያስጠላው ይችላል። ጣቱ ፈተናውን ካላለፈ ደግሞ ክርክሩ የለም።

የአራተኛ ክፍል እናት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ቤት ኪቦርድ አለን። እሱ ሲጫወት እኔ ያንኑ ኖታ ብጫንለት ይገጥማል?

ኖታና ምት፦

በፍሉትና በትሮምቦን ይገጥማል። በሌሎቹ አይገጥምም፤ ጥፋቱም የእናንተ አይደለም። ክላርኔትና ትራምፔት የቢ ፍላት መሣሪያ ናቸው፤ ልጁ ሲ ብሎ ሲነፋ ኪቦርዱ ላይ ቢ ፍላት ነው። አልቶ ሳክስፎን የኢ ፍላት ነው፤ የእሱ ሲ የኪቦርዱ ኢ ፍላት ነው። በባንዱ ውስጥ «ቢ ፍላት» ሲባል ክላርኔቱና ትራምፔቱ ሲ፣ ሳክሱ ጂ፣ ፍሉቱና ትሮምቦኑ ቢ ፍላት ይነፋሉ። ይህን በወረቀት ጽፈው ኪቦርዱ ላይ ይለጥፉት።

ትራምፔት ከሆነ ኪቦርዱ በተለይ ይጠቅማል። ሲ እና ጂ ሁለቱም ያለ ምንም ቫልቭ ነው የሚነፉት፤ ጣቱ ልክ ሆኖ ኖታው ሊሳሳት ይችላል። ከኪቦርዱ ቢሰማው ራሱ ያርመዋል።

ልምምዱ በቀን 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ይሁን። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ተቀምጦ የሳምንቱን ማካካስ አይሠራም፤ የከንፈር ጡንቻ በአንድ ቀን አይጠነክርም። ትራምፔትና ትሮምቦን ከሆነ 15ቱን ለሁለት ይክፈለው፤ የነፋውን ያህል ይረፍ። መጀመሪያ 3 ደቂቃ ረጃጅም ድምፅ፤ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ፣ አንዱን ኖታ 8 ምት ድረስ ሳይወዛወዝ። ከዚያ የተሰጠውን መልመጃ። የሚሰናከልበትን ሁለት መለኪያ (በኖታው ላይ በሁለት ቋሚ መስመሮች መሃል ያለው ክፍል) ለይቶ ያውጣ፤ ሳይነፋ ጮክ ብሎ እየቆጠረ በጣቱ ብቻ 5 ጊዜ ያድርገው፣ ቀጥሎ ይንፋው። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ደጋግሞ እስከሚሰናከልበት መሄድ ስህተቱን ማጥናት ነው። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ደስ ያለውን ይጫወት።

ኖታ ሲጀምር ምላሱ «ቱ» ይበል። «ሁ» ካለ አጀማመሩ ይፈዛል። «ጡ» ካለ ደግሞ ጉሮሮው ስለሚዘጋ ትንፋሹ ይቆረጣል፤ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ይህን ሳያውቀው ያደርገዋል። ጆሮዎን ጣል ቢያደርጉ ልዩነቱ ይሰማዎታል።

ከኖታው ሥር የፊደል ስም አይጻፍለት። አንዴ ከተጻፈ ዓይኑ ፊደሉን እንጂ መስመሩን አያይም። ያስቸገረችውን አንዷን ብቻ ይክበባት።

ፐርከሽን «ቀላሉ» ተብሎ እንዳይመረጥ። ጀማሪው በመለማመጃ ፓድ ላይ ሁለቱን እጅ እኩል ማድረግ አለበት፤ ቤልስ (በመዶሻ የሚመቱ የብረት ቁራጮች የተደረደሩበት መሣሪያ) ላይ ደግሞ እንደ ሌላው ሁሉ ኖታ ያነባል፣ በዚያ ላይ ዓይኑን ከወረቀቱ ወደ ብረቱ እየመለሰ።

ቡሽና ፓድ፦

ሳክስፎን ከሆነ አንድ የቀረ ነገር አለ። ክብደቱን የሚይዘው የአንገት ማሰሪያው ነው፤ የቀኝ አውራ ጣት ሚዛን ይጠብቃል እንጂ አይሸከምም። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ወደ ፊት ይይ፣ ከዚያ ማሰሪያውን ማውዝፒሱ አፉ ጋ እስኪመጣ ይሳቡት። አንገቱን ደፍቶ ወደ መሣሪያው ከሄደ ማሰሪያው ረዝሟል። አጭር ልጅ መሣሪያውን በጉልበቶቹ መሃል ሳይሆን በቀኝ ጎኑ ያድርገው፤ ማውዝፒሱንም አንገቱ ላይ ትንሽ አዙሮ ከፊቱ ጋር ያስተካክለው፣ ጭንቅላቱን እንዳያዘነብል። ለትንሽ ልጅ በሁለት ትከሻ የሚያዝ ማሰሪያ ከአንገቱ ይሻለዋል። ሲጨርስ ሪዷን አውጥቶ፣ አድርቆ፣ ጠፍጣፋ መያዣዋ ውስጥ ይክተታት፤ ማውዝፒሱ ላይ ካደረች ትጣመማለች፣ በማግሥቱም ሲጥ ትላለች።