ውኃ ያልነካው ቡርበን፦ የትኛውን ልግዛ ለምትሉ

ባረል ፕሩፍ ቡርበን፣ ማለትም ውኃ ሳይጨመርበት ከበርሜሉ እንደወጣ የሚታሸግ የአሜሪካ የበቆሎ ውስኪ፣ መሞከር ለምትፈልጉ መልሴ አጭር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የዋይልድ ተርኪን ሬር ብሪድ ግዙ። ጠንከር ያለ ውስኪ ከለመዳችሁ ኤላይጃ ክሬግ ባረል ፕሩፍን ፈልጉ። ብቻ ጠርሙሱን በከፈታችሁበት ምሽት አትፍረዱበት።

ይህን የምለው ሰሞኑን ከፍቼ ያቆየሁትን ኤላይጃ ክሬግ እንደገና ስለቀመስኩት ነው። መለያው ላይ «ሲ923» ይላል። ሲ የዓመቱ ሦስተኛ ምርት ማለት ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ሴፕቴምበር 2023ን ያሳያል። በርሜል ውስጥ ከ13 ዓመት በላይ ተኝቷል። አልኮሉ 66.5 በመቶ ነው።

አዲስ ሲከፈት ገና ወደ አፍንጫ ስታስጠጉት አልኮሉ ይቀድማል። አሁን ጠርሙሱ ከግማሽ በታች ወርዷል፣ አየርም ገብቶበታል። መጀመሪያ የሚመጣው የተቃጠለ ስኳር ነው፤ ቀጥሎ ቀረፋና የደረቀ ቼሪ። ሲውጡት ደረት ያሞቃል እንጂ ጉሮሮ አይልጥም። ምላስ ጥግ ላይ የሚቀረው የእንጨት ምሬት ለኔ የዚህ ውስኪ ምርጡ ነገር ነው፤ ዕድሜው እዚያ ላይ ይታወቃል።

ከዚያ ውኃ ጨመርኩበት። ውኃ መጨመር ነውር የሚመስለው ሰው አለ፤ በጭራሽ አይደለም። 45 ሚሊ ሊትር ቀድታችሁ ቀስ በቀስ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ብትጨምሩ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። እኔ ግን እዚያ ድረስ አልሄድም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃኛል። ቫኒላው ብቅ የሚለው ያኔ ነው። በረዶ አልመክርም፤ ሽታውን ያፍነዋል።

ቡርበን በሕጉ አዲስ፣ ውስጡ በእሳት የከሰለ የኦክ በርሜል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የጠላ ጋን በወይራ ስናጥን ለጠላው ጣዕም እንደምንጨነቀው፣ እዚህም ግማሹ ሥራ ያለው ማስቀመጫው ላይ ነው። ወደ በርሜል ሲገባ አልኮሉ ከ62.5 በመቶ መብለጥ አይችልም። ታዲያ 66.5 ከየት መጣ? ቡርበን በብዛት የሚሠራበት የአሜሪካው ኬንታኪ ግዛት በጋው ይሞቃል፤ የመጋዘኑ ላይኛው ፎቅ ደግሞ ይብሳል። እዚያ ውኃው ከአልኮሉ ፈጥኖ በእንጨቱ በኩል ስለሚተን የቀረው እየከረረ ይሄዳል። መደበኛው ቡርበን ከመታሸጉ በፊት በውኃ ይቀጥናል፤ ባረል ፕሩፍ ግን እንዳለ ይታሸጋል።

ዋይልድ ተርኪዎች በርሜል ውስጥ የሚከቱት በ57.5 በመቶ ነው። ለዚህ ነው ሬር ብሪድ 58.4 ላይ የሚቆመው። ለጀማሪ የምመርጠውም ስለዚህ ነው፤ ቅመሙ ጎልቶ ይሰማል፣ ግን አያስደነግጥም። ዋጋውም ከኤላይጃ ክሬግ ይቀላል።

ለስላሳ ለሚወድ ሜከርስ ማርክ ካስክ ስትሬንግዝ አለ፤ ካስክ ስትሬንግዝ የባረል ፕሩፍ ሌላ ስሙ ነው። ከበቆሎው ጋር ራይ የተባለው እህል ሳይሆን ስንዴ ስለሚገባበት ጣፈጥ ይላል። ቡከርስ የተባለውስ? የጂም ቢም የልጅ ልጅ ቡከር ኖ ያስጀመረው ነው፤ በ1992 ለገበያ ቀረበ። የኦቾሎኒ ጣዕሙን የሚወዱት በጣም ይወዱታል። እኔ ለዋጋው ኤላይጃ ክሬግን እመርጣለሁ።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላላችሁ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ የውስኪ ጠርሙስ የሚሸጡት ኤቢሲ የተባሉት የስቴቱ መንግሥት መደብሮች ናቸው። ዋጋቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር አያስፈልግም፤ ድረ ገጻቸው ላይ የትኛው መደብር እንዳለው አይታችሁ ሂዱ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁም የምትገዙት ከሞንትጎመሪ ካውንቲ መደብሮች ነው። ዲሲ ውስጥ ሱቆቹ የግል ናቸው፤ ተፈላጊ ጠርሙስ ላይ ዋጋ ስለሚቆልሉ አነጻጽሩ።

እንግዳ ስትጋብዙ አልኮሉን አስቀድማችሁ ንገሩ። የዚህ የኤላይጃ ክሬግ አንድ መለኪያ ከተለመደው ውስኪ አንድ መለኪያ ተኩል ይበልጣል። መኪና የሚነዳ ካለ አትቅዱለት። ከእራት በኋላ ይሻላል፤ በባዶ ሆድ አይሆንም። ጠርሙሱንም ከፀሐይ አርቃችሁ፣ አቁማችሁ አስቀምጡ፤ ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል።