ወረዳው ማሳደጊያውን ሊዘጋው ነው፤ ልጆቹስ?

የሰፈሩ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። እኛ ሰፈር ያለችውን ትንሽ የሕጻናት ማሳደጊያ ወረዳው ሊዘጋት ወስኗል። ልጆቹ ወደ ዘመድ ወይም ወደ አደራ ቤተሰብ (ልጅን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ) ይሄዳሉ ተባለ። ሞግዚቶቹ ግራ ገብቷቸዋል፣ ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ከወዲሁ ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው አልጋ ስር አስቀምጠዋል። እንዲህ ዝም ብሎ መዝጋት ይቻላል እንዴ?

ሶሻል ወርከሯ፦
ነገሩ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ተቋም የመጨረሻው አማራጭ ነው ይላል፤ መጀመሪያ ቤተሰብ ይፈለጋል፣ ካልተገኘ አደራ ቤተሰብ ወይም ጉዲፈቻ፣ የውጭ ጉዲፈቻ ደግሞ በ2010 ስለተከለከለ ሁሉም እዚሁ አገር ውስጥ ነው የሚያልቀው። ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ጥናት ይሠራለታል። በአንድ ደብዳቤ መበተን አይሆንም።

ቆይ እስኪ፦
መመሪያውማ ያማረ ነው። ክትትሉን ማን ይሠራል? አክስቷ ቤት የተላከች ልጅ ትምህርቷ ቀርቶ እንጀራ ስትጋግር ብትውል ማን ያያታል?

የማሳደጊያ ልጅ፦
እኔ እዛ ነው ያደግኩት። ምግቡም ትምህርቱም አልጎደለብኝም፣ ግን 18 ሞልቶኝ ስወጣ ለበዓል የምሄድበት ቤት አልነበረኝም። ቤተሰብ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ወንድምና እህት ካልለያዩ።

የሰፈሩ ልጅ፦
እህትማማቾች አሉ እኮ! ነገ ወረዳ ሄጄ እጠይቃለሁ።

ሶሻል ወርከሯ፦
በቃል ብቻ እንዳትመለስ። ማመልከቻ ጻፍ፣ መዝገብ ቤት አስገባና ቁጥሩን ያዝ።