አሲድና በረኪና ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ከየት ልጀምር?

የላብ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ ኳሊቲ ነው፣ በቅርቡ ግን "ሴፍቲውንም አንተ ያዘው" ተባልኩ። ደሞዙ ያው ነው፣ እሱን እንተወው።

ሰሞኑን በማታ ሺፍት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አሲድ ፈሶበት በደንብ ያልተለቀለቀ ወለል ላይ በረኪና ደፋችበት። ወዲያው የሚሰነፍጥ ሽታ ተነሳና ሰው ሁሉ እየሳለ ወጣ። ደግነቱ የከፋ ነገር አልደረሰም። ልጅቷ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፣ አለቃዬ ደግሞ "ማስክ ይገዛ" ብሎ ጨረሰው። ስቶሩን ገብቼ ሳየው ግን ኮስቲኩም (ለማጠቢያ የምንጠቀምበት ኮስቲክ ሶዳ)፣ ናይትሪክ አሲዱም፣ በረኪናውም በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ጀሪካን ተደርድሯል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ግማሹ ተልጧል። ለሺፍቱ የሚበቃቸውን በሃይላንድ ቀድተው ነው የሚወስዱት። ቀዝቃዛ ክፍላችንም በአሞኒያ ነው የሚሠራው። ከየት ልጀምር?

ፈረቃ ሦስት፦
ከሃይላንዱ ጀምር! ሌላው ሁሉ ይደርሳል። ኮስቲክ ሲሟሟ ቁርጥ ውሃ ነው፣ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በአዳማ ሙቀት የተጠማ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን ሃይላንድ ከፍቶ ይጎነጫል። ጉሮሮውን አቃጥሎት ነው የሚወርደው። እንዲህ ከሆነ ጣት ከትታችሁ እንዳታስመልሱት፣ ሲወጣም ያቃጥላል። አፉን አጉመጥምጡትና በቀጥታ ሆስፒታል። ለእያንዳንዱ ኬሚካል የራሱ ቀለም ያለው መስፈሪያ ጆግ ይኑር፣ ላዩ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ሥዕል ይለጠፍ። ከስቶር የሚያወጣው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ የወሰደም ይፈርም።

ኬሚስቱ፦
ያፈናቸው ክሎሪን ነው። በረኪና ማለት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፣ አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ ወታደር የጨረሰው ይኸው ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬት ይሄዳል፣ ስለዚህ ጎንበስ ብሎ የሚወለውለው ሰው ነው ቀድሞ የሚያገኘው። ሁለቱን በመደርደሪያ ብቻ ለይተህ እንዳትተኛ፦ ሁለቱም ቢያፈሱ አንድ የወለል ቦይ ውስጥ ይገናኛሉ። ክፍል ለይላቸው፣ ካልተቻለም ከሥራቸው የየራሳቸው ማጠራቀሚያ ገንዳ ይኑር። በረኪና ሙቀትና ፀሐይ ያደክመዋል፣ በዚያ ከተማ ብዙ አታከማች።

ሌላው ኮስቲክ ነው። ኮስቲኩን ቀስ እያልክ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ትጨምራለህ እንጂ ውሃውን ኮስቲኩ ላይ አትደፋም፣ በሙቀቱ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የአሉሚኒየም ባልዲም አይነካም፣ ሃይድሮጂን ያወጣል፣ ይቀጣጠላል። አቅራቢህን የደህንነት መረጃ ቅጹን፣ ኤስዲኤሱን ጠይቀው። 16 ክፍል አለው፣ ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ከሌለህ 4፣ 7፣ 8ና 10ኛውን አንብብ። የመጀመሪያ ርዳታው፣ አከማመጡ፣ መከላከያ ዕቃውና ከምን ጋር እንደማይቀራረብ እዚያ ነው ያለው። ቅጹ የለኝም ካለህ ሌላ አቅራቢ ፈልግ።

አባ ሰላም፦
አታካብዱት ባክህ። ማስክ ይግዛ፣ ወተት ይጠጡ። ስንት ዘመን የተሠራበት ነው።

ፈረቃ ሦስት፦
ወተት ፋብሪካ ውስጥ ወተት ማደል መቼም ርካሽ ነው። ሳንባ የገባን ጋዝ ግን ወተት አያወጣውም። እዚያ የሚገዛው የጨርቅ ማስክ ደግሞ ዱቄት ቢይዝ ነው።

የድሮ መካኒክ፦
አሞኒያውን እኔ ልንገርህ ልጄ። ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ፈሳሹ ካፈሰሰ ወዲያው ጋዝ ይሆናል። በጣም ትንሹም ስለሚሸት ያስጠነቅቅሃል፣ ጥሩ ጠባዩ እሱ ነው። 300 ፒፒኤም ከደረሰ፣ ማለትም ከሚሊዮን የአየር እጅ 300ው አሞኒያ ከሆነ ግን ለሕይወት ያሰጋል። ለትንሽ ሽታ ማስክ ላይ የሚገጠም፣ አረንጓዴ ምልክት ያለው የአሞኒያ ካርትሪጅ (ማጣሪያ) ይሠራል፣ ለትልቅ ፍሳሽ ግን የራሱ አየር ጀርባው ላይ የሌለው ሰው ዝር አይበል። መሬት ላይ የተኛ ፈሳሽ አሞኒያ ላይ ውሃ አትርጩ፣ ይብስበታል። አደጋው የሚበዛው ከማቀዝቀዣው መስመር የኮምፕሬሰር ዘይት ሲቀዳ ነው። ማንም ብቻውን አይቅዳ፣ ቫልቩን ከፍቶም አይሂድ። ለመሸሻ ጣሪያው ላይ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ጨርቅ ስቀሉ። የነፋስ ተርባይን የተተከለበት ከተማ ነው፣ ነፋሱ ሳይታይ የተመረጠ መሰብሰቢያ ቦታ ወጥመድ ነው። መሰብሰቢያው ሁለት ይሁን።

ኬሚስቱ፦
የዓይን መታጠቢያ አላችሁ? ኮስቲክ ዓይን ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳይቋረጥ መታጠብ አለበት። የጣሪያ ሮቶ ላይ ከሆነ የተቀጠለው በቀትር ከፍተህ እጅህን አስገባ፣ ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ለዓይን አይሆንም። ውሃ ሲጠፋም የሚሠራ መሆን አለበት።

የላብ ልጅ፦
አመሰግናለሁ፣ ጋሼ መካኒክም እግዜር ይስጥልኝ። መታጠቢያው አለ፣ ግን ፊቱ ላይ ካርቶን ተደርድሮበታል፣ ዛሬውኑ አስነሳዋለሁ። የልጅቷ ማስጠንቀቂያስ?

ፈረቃ ሦስት፦
የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92ን አውጣና ለአለቃህ አሳየው። ስለ ሥራው አደጋ ማስረዳትና መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ልጅቷ የሠለጠነችበት ፊርማ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ከሌለ ደብዳቤውን ያንሱላት።